ደህናው እግር

የክፍል ቁጥር አሥራ አራቷ የአልትራሳውንድ ባለሙያ መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ሰው ግን የሚያውቃት እረፊ ብሎ ነው። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፣ ያውም ሳታስበው። ልጅ ሆና ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ አጥር ስትዘል እናቷ ቀኑን ሙሉ «እረፊ! አንቺ ልጅ፣ እረፊ!» እያለች ስትጮህ፣ ጎረቤቱ የልጅቷ ስም መስሎት ቀረ። ይኸው አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላት። እናቷም ሰማንያን አልፋ፣ ጉልበቷ ከድቷት አልጋ ላይ ውላ፣ የልጇን ኮቴ በሰማች ቁጥር «እረፊ እንጂ!» ማለቷን አልተወችም። እረፊም አላረፈችም።

ቁጭ ማለት አይሆንላትም፣ በቃ ተፈጥሮዋ ነው። ሻይ ቆማ ትጠጣለች። ስልክ እየተንጎራደደች ታወራለች። ሌሎቹ ባለሙያዎች የሚቀመጡባትን ባለ ጎማ ወንበር እሷ የፎጣ መደርደሪያ አድርጋታለች። ሠላሳ ዓመት ቆማ በመሥራቷ የግራ ጉልበቷ ተበልቶ አልቋል፤ ደረጃ ስትወርድ ታዲያ ያንን የታመመ እግሯን ነው የምታስቀድመው። ግራውን ታወርዳለች፣ ቀኙን ከጎኑ ታሳርፋለች፣ ደግሞ ግራውን። «ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሽ ለምን አትታዪም?» ሲሏት «ወረፋው ረጅም ነው» ትልና ታልፋለች።

ሥራ የጀመረችው ጨለማ ክፍል ውስጥ የራጅ ፊልም እያጠበች ነው። ከዚያ አልትራሳውንድ መጣና ወደ ነፍሰ ጡሮች ተዛወረች። ለሃያ ዓመት የጠየቋት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፣ «ወንድ ነው ሴት?» የእሷም መልስ አንድ ነበር፣ «ሰው ነው፣ አይዞሽ።»

ከአምስት ዓመት በፊት ግን ሆስፒታሉ ደማቸው አልረጋ ለሚል ልጆች ክሊኒክ ከፈተ። ሄሞፊሊያ ይባላል በሽታው። ሰው ሲሰማ፣ ልጁ ጣቱን ተቆርጦ ደሙ አልቆም የሚል ይመስለዋል፤ የባሰው ጉድ ግን ከውስጥ ነው። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት ወይም ክርን ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ አንዳንዴ አብጦ፣ አንዳንዴ ምንም ሳያሳይ። በፈሰሰ ቁጥር የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ይወፍራል፤ አጥንቶቹ እንዳይፋጩ የሚለብሱት ለስላሳ ልባስ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ራጅ ይህን የሚያየው ነገሩ ካበቃለት በኋላ ነው። አልትራሳውንድ ቀድሞ ያያል። ያያል ማለት ይቀላል! የሚያየው እኮ ማሽኑ አይደለም፣ የማሽኑን መዳሰሻ የያዘው ሰው ነው።

ይህን ሥራ እንድትማር የላኳት ጠና ያሉ፣ ትዕግሥታቸው የተረፈ አስተማሪ ዘንድ ነበር። ሰውየው አንድ ደንብ ነበራቸው፣ «ደህናውን አስቀድሚ።» ሁለት ምክንያት ሰጧት። አንደኛ፣ የማያመውን እግር መጀመሪያ ስትነኪለት ልጁ አይፈራም። ሁለተኛ፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ልባሱ እንደ ዕድሜው፣ እንደ ቁመቱ ይለያያልና በምን ትለኪዋለሽ? በራሱ በደህናው እግር። መጀመሪያ ደህናውን እዪ፣ ከዚያ የታመመውን እዪ፣ ልዩነቱን ጻፊ። እረፊ ደንቡን ወደደችው። ፈጣን ነው፣ እንደ እሷ ላለ ችኩል ሰው የተሠራ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ልጆች በዚህ ደንብ እጇ ላይ አለፉ፤ እነሱን ሁሉ አልጋው ላይ አስተኝታ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው «ደህናው እግርህ የትኛው ነው?» ብላ ነበር።

ከእነሱ መካከል ዳኛው የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ አለ። ኳስ መጫወት አይፈቀድለትም፤ ቢረገጥ፣ ቢወድቅ ጣጣው ብዙ ነው። የሰፈሩ ልጆች ጥለውት መጫወት አንጀታቸው እንቢ ብሏቸው መሰለኝ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ዳኛ አደረጉት። እሱም ነገሩን የምሩን ያዘው። ፍርድ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ የገዛ የአክስቱን ልጅ ሁለት ጊዜ ከሜዳ አስወጥቷል። ሆስፒታል ሲመጣም ፊሽካውን አያወልቅም።

ያን ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከእናቱ ጋር መጣ። እናቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከሱቁ ፈቃድ የወሰደችው ለሁለት ሰዓት ብቻ ስለነበር ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር። እረፊም ያን ቀን የእግር እሳት ሆኖባታል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቤታቸው መርፌ እየተሰጣቸው መድማቱ ከመጀመሩ በፊት የሚከላከሉ ልጆች የሚመረጡበት ስብሰባ። መድኃኒቱ የሚበቃው ለስምንት ልጆች ነው። የቀሩት መርፌ የሚያገኙት መድማት ከጀመሩ በኋላ ነው። የሚመረጡት ደግሞ መገጣጠሚያቸው መጎዳት የጀመረ ልጆች ናቸው፤ መጎዳቱን የምትናገረው እሷ ናት።

«ዳኛው፣ ደህናው እግርህ የትኛው ነው?»

ልጁ ተጋድሞ ሁለቱን እግሮቹን አየ። ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ። ቆየት ብሎ «ግራው» አለ።

«አዎ፣ የደማበት ቀኙ ነው» አለች እናቱ። «በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አብጦበታል፣ ሲስተር።»

እረፊ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጄል ጨምቃ መዳሰሻውን አስኬደች። የአጥንቱ ነጭ መስመር መጣ። በላዩ ላይ ያለው ጥቁር ቀጭን ልባስ መጣ። የውስጡ ሽፋን ደንደን ያለ መሰላት፣ ለአንድ አፍታ እጇ ቆመ። ተፈጥሮው ይሆናላ ብላ አለፈችው። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረች። ነጩ መስመር፣ ቀጭኑ ልባስ፣ ደንደን ያለው ሽፋን፣ ሁሉም ልክ እንደ ግራው። እኩል! ደረቷ ቀለል አላት። «ጎበዝ ዳኛ! ሁለቱም እኩል ወጡ» አለችው፤ ወረቀቱም ላይ «ከደህናው ጋር ልዩነት የለውም» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ወረቀቱን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። የክሊኒኩ ኃላፊ ወጣት ሐኪም ናት፤ ልጆቹን በስም ብቻ ሳይሆን በጫማ ቁጥር የምታውቅ ሴት። ወረቀቱን አንብባ ፈገግ አለች።

«ተመስገን። እንግዲያው ለዳኛው ይዤለት የነበረውን ቦታ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ። ደስ ይላል፣ አይደል ሲስተር?»

«ደስ ይላል» አለች እረፊ። ደስ ግን አላላትም። ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም።

ስትወርድ ዳኛውና እናቱ የሕክምና ካርዳቸውን መልሰው ከፊቷ ደረጃውን እየወረዱ ነበር። እረፊ እንደ ልማዷ ግራውን አስቀደመች፣ ቀኙን አሳረፈች፣ ደግሞ ግራውን። ከፊቷ ያለው ልጅም ብረቱን ይዞ ግራውን አስቀደመ፣ ቀኙን አሳረፈ፣ ደግሞ ግራውን። ሁለቱ አንድ ላይ ግራ፣ አንድ ላይ ቀኝ።

«አንተ!» አለችው እየሳቀች። «አካሄዴን ታስመስላለህ እንዴ? አሁን ዳኛ በአሮጊት ይቀልዳል?»

ልጁ ዞር ብሎ በመገረም አያት። «ኧረ አልቀለድኩም እትዬ። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምወርደው።»

«ቶሎ በል፣ አውቶቡሱ ሄደ» ብላ እናቱ እጁን ሳበችው። ሄዱ።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ አንዲት ነፍሰ ጡር አልጋው ላይ ሆና ትጠብቃታለች። እረፊ ጄሉን ቀባች፣ መዳሰሻውን አሳረፈች፣ የሕፃኑ ልብ ሲመታ ታየ። ሴትየዋ ፊቷ በርቶ «እህቴ፣ ወንድ ነው ሴት?» አለች።

«ግራው ነው» አለች እረፊ።

«እ? ምን አልሽኝ?»

«ምንም። ምንም አላልኩም። ሰው ነው፣ ጤነኛ ነው፣ አይዞሽ።» የሴትየዋን ሆድ በፎጣ ጠርጋ፣ ወረቀቷን ጽፋ፣ ዳግም ነይ ብላ ሸኘቻት። በሩን ዘጋች። ማንም ሰው ደረጃ ሲወርድ የሚያመውን እግር ነው የሚያስቀድመው። እሷ ራሷ በየቀኑ የምታደርገውን ነገር እንዴት ከፊቷ ሲሄድ አላየችውም? ልጁ ያስቀደመው ግራውን ነው። ግራው ደግሞ ደህናው እግር ተብሎ መለኪያ የሆነው ነው!

ማሽኑን ቀሰቀሰችና የጠዋቱን ምስሎች አወጣች። ከዚያ ባለፈው ሳምንት እግሩ ወለም ብሎት የመጣ የሌላ ልጅ ምስል ፈለገች፤ እሱም ስምንት ዓመቱ ነው፣ ደሙ ግን ጤነኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገች። «አፈር ልብላ!» አለች ድምፅ አውጥታ። የዚያኛው ልጅ ልባስ ጥቁር፣ ሙሉ፣ ለስላሳ ነው። የዳኛው ግራ ግን ሳስቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ተቆርጧል፤ ሽፋኑም በእጥፍ ወፍሯል። ቀኙም እንደዚያው። እኩል የሆኑት ሁለቱም ደህና ሆነው ሳይሆን ሁለቱም ተጎድተው ነው። ጠዋት ሁሉም ነገር ዓይኗ ሥር ነበር፤ እጇ እንኳ ቆሞ ነበር። አልፋው ሄደች፣ ችኩል!

ለዳኛው እናት ደወለች። ከወዲያ የልብስ ስፌት መኪና ጩኸት ይሰማል።

«ልጅሽን ይዘሽ አሁኑኑ ተመለሽ።»

መኪናው ቆመ። «ምን ተገኘበት? ሲስተር፣ ምን ተገኘበት?»

«የተገኘው እኔ ላይ ነው። ተሳስቻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ላየው ይገባል።»

«አለቃዬ እኮ ዛሬ ሁለተኛ ብወጣ...»

«ስጪኝ እስቲ አለቃሽን።»

ለሱቁ ባለቤት ያለችውን እዚህ መጻፍ አይመችም። ብቻ ሰውየው ራሱ መኪናውን አስነስቶ እናትና ልጁን እንዳመጣቸው ይታወቅ።

እስኪመጡ ድረስ ኮሪደሩን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችው ፈጣሪ ይቁጠረው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ «እረፊ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ፣ ትንሽ አስተርፊልን» አላት። ሌላ ቀን ቢሆን መልሱን አታጣም ነበር። አሁን ግን አልሰማችውም። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ስብሰባው ቦታውን ለሌላ ልጅ ካጸደቀ መልሶ መንጠቅ የለም። ዳኛው ቀጣዩ ምርጫ እስኪደርስ ስድስት ወር ይጠብቃል ማለት ነው። ስድስት ወር ደግሞ ለዚያ ቁርጭምጭሚት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጠዋት ካየችው የተቆረጠ ቦታ ጎን ሌላ ሊጨመር ነው።

ስምንት ተኩል ላይ ደረሱ። ዳኛው አልጋው ላይ ወጣና ካልሲውን አወለቀ። እረፊ እንደ ልማዷ አፏን ከፍታ «ደህናው» ልትል ነበር፤ ዋጠችው። ዝም ብላ ግራውን ያዘች። የደም ዝውውሩን የሚያሳየውን አዝራር ስትጫን ሽፋኑ ላይ ቀያይ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ አሉ። ነገሩ ያለፈ ጉዳት ብቻ አይደለም፣ አሁንም እየተቆጣና እየቆሰለ ነው ማለት ነው። ቀኙም ላይ ቀያይ ነጥቦች ነበሩ።

መዳሰሻውን አስቀመጠች።

«ዳኛው፣ ይሄ ግራ እግርህ ያምሃል እንዴ?»

«አዎ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙም ያመኛል።»

«ታዲያ ጠዋት ግራው ደህና ነው አላልከኝም?»

ልጁ ሊቆጡት ነው ብሎ አልፈራም። ፍርዱ ላይ ተቃውሞ እንደቀረበበት ዳኛ ተረጋግቶ ነበር የመለሰላት። «እርስዎ እኮ ያመኛል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። የትኛው ነው ደህናው አሉኝ። አንዱ ደህና መሆን አለበት ብዬ ነው። ግራው ትንሽ ይሻላል።»

እናቱ ከወለሉ ላይ ካልሲውን አንስታ አራግፋ፣ ገልብጣ፣ እንደገና ገለበጠችው። «እኔም እኮ አዎ፣ ቀኙ ነው ብያለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር። እረፊ ደንግጣ እጇን ያዘቻት። «አንቺማ ያበጠውን ነው የነገርሽኝ። የጠየቅሁት እኔ ነኝ።» አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ ልጆችን የምትጠይቀው ጥያቄ ራሱ መልስ አስቀድሞ የያዘ ጥያቄ መሆኑን የነገራት የስምንት ዓመት ልጅ ነው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ ጉልበቷ እዚያው ይጩህ። የስብሰባውን በር ስትከፍት ሐኪሟ ስም ዝርዝሩን እያነበበች ነበር፤ ሰባተኛው ላይ ደርሳለች።

«ይቅርታ፣ አቁሙልኝ» አለች እረፊ። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠረጴዛውን ያዘች። «የዳኛው ወረቀት ስህተት ነው። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ተጎድተዋል። ደህና ባልሆነ እግር ነው የለካሁት። ስህተቱ የእኔ ነው፣ የማሽኑም የማንም አይደለም።»

ሐኪሟ አዲሶቹን ምስሎች ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ዞር አለች። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ግራው ላይ የተቆረጠው አይመለስም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«የቀረውን ግን እናተርፈዋለን። ዳኛው ይገባል።» ብዕሯን አነሳች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ብዕሩ በአየር ላይ ቀረ። ጎበዝ ሐኪም ናት፤ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም ነበር። «ሲስተር፣ በዚህ ደንብ ስንት ልጆች ታይተዋል?»

እረፊ ይህንን ጥያቄ ከደረጃው ላይ ጀምሮ ስትሸሸው ነበር። «ሁሉም» አለች። «አርባ አንድ።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተያዩ። ከተመረጡት ሰባት ልጆች መካከል እውነት የባሰበት ማን እንደሆነ፣ ካልተመረጡት መካከልም «እኩል ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ስንት እንዳለ በዚያች ደቂቃ ማንም የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሟ ከዳኛው ስም በስተቀር ዝርዝሩን ሰረዘችውና ስብሰባውን በአንድ ሳምንት አራዘመችው።

«በአንድ ሳምንት አርባ ልጅ ይቻላል?»

«እኔ እንደሆንኩ አልቀመጥም» አለች እረፊ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ዳኛውና እናቱ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁ ነበር። ነገረቻቸው፤ መርፌው ከሚመጣው ሳምንት እንደሚጀመር፣ የተበላው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን እንደሚጠበቅ፣ አንድም ሳታስቀር። እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ዳኛው ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ «በሳምንት ሁለት ጊዜ መርፌ?» አለ በቅሬታ። «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ቀይ ካርድ ነው!» እረፊ አቅፋ ግንባሩን ሳመችው።

ሲሄዱ በሩን ከፍታ ተወችው። ከቁም ሳጥኑ የልጆቹን ካርድ የያዘውን ሳጥን አወረደች። አርባ ካርድ። ከባለ ጎማዋ ወንበር ላይ ፎጣዎቹን አንስታ አልጋው ላይ ቆለለችና ተቀመጠች። በዚያ ሲያልፍ የነበረው ዘበኛ ቆሞ አያት፣ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፣ ፊቷን ሲያይ ትቶት ሄደ።

የመጀመሪያውን ካርድ አወጣች። የስድስት ዓመት ልጅ፣ ጉልበት፣ «ከደህናው ጋር ልዩነት የለውም»፣ የራሷ ፊርማ። ደወለች።

«አቤት ሲስተር!» አለች የልጁ እናት ደስ ብሏት። «በደህና ነው?»

«ልጅሽን እንደገና ላየው ነበር። ነገ ጠዋት ታመጪልኛለሽ?»

«ለምን? ባለፈው እኮ ምንም የለውም ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ» አለች እረፊ፣ ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ። «እባክሽ አምጪው።»